ውሻዬ አልበላ ብሎ ከሳብኝ፣ የምታውቁ ምከሩኝ

የሳሪሷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነብሮ የሚባል ውሻ አለን። ከጀርመን ሸፐርድና ከሐበሻ ውሻ የተዳቀለ ነው። ወንድ ነው፣ አልተኮላሸም፣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከቡችላነቱ ጀምሮ ምግብ ይመርጥ ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ ከመምረጥ አልፏል። የጎን አጥንቱ ከሩቅ ይታያል። ጀርባውን ስዳብሰው አከርካሪው እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ እጄ ላይ ይመጣል። ለክትባት የወሰድነው ጊዜ ሲመዘን 21 ኪሎ ሆነ። ሐኪሙ በቁመቱ 27 ኪሎ አካባቢ መሆን ነበረበት አለንና "በደንብ አብሉት" ብሎ ሸኘን። በቃ፣ ሌላ ምንም አላለም።

እኔን የቸገረኝ እኮ ይሄው በደንብ ማብላቱ ነው። ጠዋት እንጀራ በሽሮ ወይም የማታ ትራፊ እናቀርብለታለን። ያሸተዋል፣ ላስ ላስ ያደርገዋል፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ይተኛል። ሳህኑ እዚያው ይውላል፣ ዝንብ ይወረዋል፣ የቀረውን ቁራ ይጨርሰዋል። ማታ ከሉካንዳ አጥንት ይመጣለታል፣ እሱን ሲግጥ ያመሻል። እማዬ ደግሞ አንጀቷ አይችልም። ካልበላላት ቅቤ ጠብ ታደርግበታለች፣ በቅቤም እምቢ ካለ ሞርቶዴላ ታስገዛለች፣ እሱ ሞርቶዴላውን ለቅሞ እንጀራውን ይተወዋል። የታሸገውን ደረቅ የውሻ ምግብም ከሱፐርማርኬት ገዝተን ነበር። መጀመሪያ ወደደው፣ ኋላ እሱንም ተወው። ዋጋውም እንደምታውቁት ነው፣ በየወሩ የሚቻል አይደለም።

የባሰበት ከሁዳዴ ወዲህ ነው። በጾሙ ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፣ የሰፈራችንም ሉካንዳ ዝግ ነበር፣ ስለዚህ 55ቱንም ቀን የበላው ሽሮና ዳቦ ነው ማለት ይቻላል። ፋሲካ ሲደርስ ያካክሳል ብለን ጠበቅን። የዶሮውንም የበጉንም ሰጠነው። ተስገብግቦ በላና አስቀመጠው፣ ከዚያ ተመልሶ ያው።

ሰው ሲመጣ ይጮኻል፣ ይጫወታል፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም፣ ቶሎ ይደክመዋል። ቀን በሰንሰለት ነው፣ ማታ ይፈታል። የትል መድኃኒት ቡችላ እያለ ወስዷል፣ ከዚያ ወዲህ አልወሰደም። ጎረቤቶቼ "ውሻ ካልበላ አልራበውም ማለት ነው፣ ተይው" ይሉኛል። እኔ ግን እያየሁት እያለቀብኝ ነው። ምን ላብላው? እንዴትስ ላብላው?

ባለሦስት_ውሻ፦

እህቴ አይዞሽ። በመጀመሪያ ግን ሁለት ነገር እንለይ። መራጭ ውሻ አለ፣ የታመመ ውሻ አለ። መራጩ ደህና ነገር እስኪመጣ ይጠብቃል እንጂ እንዲህ አይከሳም፤ ሥጋውን ለቅሞ፣ ከጥበቃው ዳቦ ተቀብሎ፣ ሞላ ብሎ ይኖራል። አከርካሪው እጅ ላይ የሚመጣ ውሻ መራጭ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ስለዚህ እኔ የምልሽን ሐኪም ጋ ከመሄድ ጎን ለጎን አድርጊው፣ በሐኪም ፋንታ አይደለም። በደንብ አብሉት ብሎ ከሸኛችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጊ።

አሁን ወደ ሳህኑ። እኔን ያስደነገጠኝ የማታ ትራፊ ያልሽው ነው። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ቀዩም፣ ነጩም፣ ጥሬውም፣ የበሰለውም፣ ዱቄቱም። ቀይ የደም ሴሉን ያፈርስበታል፣ ደም ማነስ ያመጣበታል። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት የበላ ውሻ ላይ ጉዳቱ በግልጽ ይታያል። ለነብሮ 21 ኪሎ ሲሰላ ከ300 ግራም ገደማ ይጀምራል ማለት ነው። ብዙ ይመስላል አይደል? የኛ ወጥ ግን መነሻው ሽንኩርት ነው፤ ለአንድ ዶሮ ወጥ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚቁላላ እማዬን ጠይቂያት። በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ሲበላም ይጎዳዋል። ሽሮውም ላይ ሽንኩርት ባይቁላላ እንኳ ዱቄቱ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። ቅቤውም ሲነጠር እንደዚሁ። በርበሬው ደግሞ ሆዱን ያቃጥለዋል። አሽትቶ ፊቱን ማዞሩ እኮ ቅብጠት ላይሆን ይችላል።

አጥንቱንም ተዪው። አጥንት የሚግጥ ውሻ ሥራ ይዞ ያመሻል እንጂ ይሄ ነው የሚባል ምግብ አላገኘም። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ሲሰበር እንደ ስለት ይሆናል፣ ጉሮሮና አንጀት ይቆርጣል። ጠንካራው የበሬ አጥንት ደግሞ ጥርስ ይሰብራል።

ሌላው ሰዓት ነው። ሳህን ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ከዋለ ምግብ ሁልጊዜ ያለ ነገር ይሆንበታል፣ አይቸኩልለትም። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ ከተቻለ መሐል ላይ አንዴ፣ ሰዓቱ ሳይዛባ አቅርቢለት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቂ። ካልበላ ሳትቆጪው፣ ሳትለምኚው፣ ምንም ሳትጨምሪበት አንሺው። ቀጣዩ ሰዓት ሲደርስ አዲስ ምግብ አምጪለት። እማዬ ቅቤ ስትጨምርበት፣ ከዚያ ሞርቶዴላ ስታመጣለት፣ እሱ የተማረው እምቢ ካልኩ የተሻለ ይመጣል የሚለውን ነው። ከምስኪንነቷ የመጣ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን በዚህ መንገድ አይወፍርም።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ከናንተ ሌላ ማን ያበላዋል? ጥበቃ አላችሁ? ልጆች አሉ? ሳህኑ የት ነው የሚቀመጠው? በር አጠገብ ከሆነ ጥበቃ ላይ ያለ ውሻ ተረጋግቶ አይበላም። ሽንት ቤቱ አጠገብ ከሆነም አይበላም። ማታ ከሰንሰለት ከተፈታ በኋላ ትንሽ ተንሸራሽሮ፣ አርፎ፣ ግቢው ጸጥ ሲል ስጪውና የሚለውጠው ነገር ካለ ተመልከቺ።

የቬት_ተማሪ፦

ሰላም። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና እማራለሁ፣ ገና ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ክሊኒክ ውስጥ በየጊዜው የምናየው ነገር ስለሆነ ልጻፍልሽ። ባለሦስት_ውሻ ያለው ትክክል ነው፣ መጀመሪያ ምርመራ።

አንደኛ የማስበው ትል ነው። ቡችላ እያለ አንድ ጊዜ መውሰዱ ለዛሬ ምንም አይጠቅመውም። ውጭ የሚውል አዋቂ ውሻ በየሦስት ወሩ ቢወስድ ነው የሚመከረው። የሰገራ ናሙና ይዘሽ ሂጂ፣ ትኩሱን፣ በንጹሕ ፕላስቲክ። ሰገራው ላይ ወይም ፊንጢጣው አካባቢ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ካየሽ በቁንጫ የሚተላለፈው የኮሶ ዘር ነው፣ ያኔ ቁንጫውንም ማጥፋት ግድ ነው፣ አለበለዚያ ይመለሳል። በበዓል ሰሞን ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወርም ይቅር። በግና ከብት ሲታረድ ጉበቱና ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሻ ያንን ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ትሉ ይራባል፣ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል፣ ከዚያ በእጃችንና በምግባችን ወደኛ ይመጣል። ውሻው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ሰው ላይ ግን ጉበትና ሳንባ ውስጥ ዓመታት የሚያድግ ከረጢት ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ይቀበር ወይም ይቃጠል እንጂ ለውሻ አይሰጥ።

ሁለተኛ መዥገር። ጆሮውን ገልብጠሽ፣ በጣቶቹ መሐል፣ በብብቱ ሥር እዪ። መዥገር የሚያስተላልፋቸው የደም በሽታዎች ትኩሳት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና መክሳት ያመጣሉ፣ አንዳንዴም ሳይታወቅ ለወራት ይቆያሉ። ቶሎ ይደክመዋል ያልሽው ነገር እዚህ ላይ ያሳስበኛል። ከንፈሩን ገለጥ አድርገሽ ድዱን እዪው። ሮዝ መሆን አለበት። ነጣ ካለ ወይም ቢጫ ከሆነ ነገ ሳይሆን ዛሬ ውሰጂው። የሽንኩርቱ ደም ማነስም በዚሁ ይታያል።

ሦስተኛ አፉ። ሳህኑ ጋ በጉጉት መጥቶ ወደኋላ ይላል? በአንድ ጎን ብቻ ያላምጣል? የጎረሰው ይወድቅበታል? አፉ ከወትሮው የተለየ ይሸታል? አጥንት የሚሰጠው ውሻ ላይ የላይኛው ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ተሰንጥቆ ማግኘት የተለመደ ነው። እሱ እያመመው ነው፣ እኛ መራጭ እንለዋለን።

ሸፐርድ ደም ስላለበት አንድ ልጨምር። ይህ ዝርያ ላይ ጣፊያ አጠገብ ያለው ፓንክሪያስ የሚባለው እጢ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም ማመንጨት የሚያቆምበት ሕመም በብዛት ይታያል። የሱ ምልክት ግን ሌላ ነው፤ ውሻው እየበላ፣ እንዲያውም ሳይጠግብ እየበላ ይከሳል፣ ሰገራው ብዙ፣ ልል፣ ነጣ ያለና ቅባት ያለው ይሆናል። ነብሮ አልበላም ስላልሽ ቀዳሚው ግምቴ አይደለም፣ ግን ሰገራውን ሳታዪ አትለፊ። አልተኮላሸም ደግሞ ብለሻል። ሰፈር ውስጥ ወንድ የፈለገች ሴት ውሻ ካለች ወንዱ ለቀናት ምግብ ሊረሳ ይችላል። እሱ ግን መጥቶ የሚሄድ ነው፣ 6 ኪሎ አያስቀንስም።

ይህን የምለው ለነብሮ ብቻ ሳይሆን ለሚያነብ ሁሉ ነው። ድንገት መብላት ያቆመ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ ወይም ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ካያችሁ "አጥንት ተሰንቅሮበት ነው" ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። የእብድ ውሻ በሽታ እንዲህም ይጀምራል። ክትባቱ በየዓመቱ ይሰጥ። ለሰው የታዘዘ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል ደግሞ "ሳያመው አይቀርም" ብላችሁ አትስጡ፣ ኩላሊቱን፣ ሆዱንና ጉበቱን ነው የምታጠፉት።

አዋቂ ውሻ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰ ሐኪም ይደወል። ከዚህ ጋር የሚያስመልሰው፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ያለው ወይም ውኃ እምቢ ያለ ከሆነ አይጠበቅም። ትንሽ ቡችላ ከሆነ ግማሽ ቀንም ብዙ ነው።

ቀጥ_ያለ፦

ይሄን ያህል ማካበድ ምንድን ነው? ሦስት ቀን ምንም አትስጪው። ራሱ መጥቶ ሽሮውን ይልሳል። የኛ አያቶች ለውሻ ምግብ ይመርጡ ነበር እንዴ?

ባለሦስት_ውሻ፦

ወንድሜ፣ ደህና ሥጋ ያለው ጤነኛ ውሻ ቢሆን አንድ ሰዓት አልፎት እስከ ሚቀጥለው ቢጠብቅ ችግር የለውም፣ እኔም ያልኩት እሱን ነው። ይሄ ግን ከሚገባው 6 ኪሎ የጎደለ ውሻ ነው። የሚቀነስለት ነገር የለውም። ሳህን በሰዓቱ ማንሳትና ማስራብ አንድ አይደሉም። የአያቶቻችን ውሻ ደግሞ ገጠር ነው የዋለው፣ ሜዳ ላይ አይጥ ያድናል፣ እርድ ሲኖር ይጠግባል፣ ወተት ሲናጥ አሬራ ይደርሰዋል። የሳሪስ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ሽሮ አልጠበቀም።

የጉለሌዋ_እናት፦

ልጄ፣ ተማሪው ስለ በሽታው ጥሩ አድርጎ ነግሮሻል። እኔ ስለ ድስቱ ልንገርሽ። ቤታችን ውስጥ ውሻ ጠፍቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ለውሻው የራሱ ድስት፣ የራሱ ማማሰያ፣ የራሱ ሳህን ይኑረው። ይሄ ለጾም ነው የሚጠቅምሽ። እናትሽ በሁዳዴ እንቁላል በቤቱ ድስት አልቀቅልም ቢሉ አልፈርድባቸውም፣ እኔም አልቀቅልም። የውሻው ድስት ለብቻው ከሆነ ግን ጓሮ በከሰል ይሠራለታል፣ ዕቃም አይነካካም፣ የማንም ጾም አይፈታም። ጾሙ የኛ ነው፣ የውሻው አይደለም። ሉካንዳ ከመዘጋቱ በፊት ሳንባ፣ ልብ፣ ሽንፍላ ገዝተሽ ቀቅለሽ በትንንሽ ፌስታል ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ፍሪዘር ከሌለ እንቁላል አለ።

አሠራሩ ይሄ ነው። ሳንባውን ወይም ልቡን በደንብ አጥበሽ፣ ከትፈሽ፣ በብዙ ውኃ እስኪበስል ቀቅይው። ጨው የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ ቅመም የለም። ሲበስል በዚያው መረቅ ላይ ሩዝ ወይም ቂንጬ ጨምሪበት፣ ይምጠጠው። ካሮት ወይም ዱባ ካለ ጣል አድርጊበት። ሲበርድ ለብ እያለ ስጪው፣ የሚያቃጥል አይሁን፣ ከፍሪጅ የወጣም አይሁን። ለብ ያለ ምግብ ይሸታል፣ ውሻ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው በአፍንጫው ነው። ደረቁ የፋብሪካ ምግብ ካለሽም ለብ ያለ ውኃ ወይም ይሄን መረቅ አፍሺበትና ትንሽ ይጠብቅ፣ ጠረኑ ይነሳል።

ጉበት ብዙዎቹ ይወዳሉ። ጣት የምታክል ቁራጭ ቀቅለሽ ደቅቀሽ ከላይ በትኚበት እንጂ ዋና ምግብ አታድርጊው፣ ሲበዛ ይጎዳል። ፉርሽካ እያገነፉ ለውሻ የሚሰጡ አሉ። ሆዱን ይሞላዋል እንጂ አያወፍረውም፣ የከሳ ውሻ ሆድ ውስጥ ቦታ አታባክኚ። ሞርቶዴላውን በጭራሽ ተዪው፣ ጨውና ጮማ ነው፣ ነጭ ሽንኩርትም ይገባበታል።

ደግሞ ሥጋውን ከእንጀራ ጋር ለይተሽ አታስቀምጪለት። በደንብ ከትፈሽ፣ ከሩዙ ጋር አሽተሽ አንድ አድርጊው። ለቅሞ የሚተወው ነገር አይኑር።

የሳሪሷ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እትዬ የጉለሌዋ፣ የድስቱ ነገር በጣም ነው ያሳመነኝ፣ ለእማዬ አንብቤላት "እውነታቸውን ነው" ብላለች።

ጥያቄያችሁን ልመልስ። ጥበቃ አለን፣ ሌሊት ከራሱ ዳቦ እንደሚያካፍለው ዛሬ ጠይቄው ነገረኝ። የወንድሜ ልጆችም ብስኩት ይሰጡታል። ሳህኑ በሩ አጠገብ ነው። ድዱን አየሁት፣ እንደ ሮዝ አይደለም፣ ፈዘዝ ያለ ነው። ጆሮው ውስጥ ሁለት መዥገር አገኘሁ። አጥንት ሲግጥ ደግሞ በግራ በኩል ብቻ ነው፣ እስካሁን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ነገ ጠዋት እንወስደዋለን። ግን ስንት ነው መብላት ያለበት? በሳህን ሳይሆን በቁጥር ንገሩኝ፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ እጽፈዋለሁ።

የቬት_ተማሪ፦

መዥገሩን በጣትሽ አትጨፍልቂው። በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው፣ ጋዝም ላምባም አታፍሺበት።

ወደ ቁጥሩ። አሁን ባለው ክብደት ሳይሆን ሊደርስበት በሚገባው ነው የምናሰላው። ኪሎውን ወደ 0.75 ፓወር ከፍ አድርገሽ በ70 ታባዣለሽ። ለ27 ኪሎ 830 ካሎሪ ገደማ ይመጣል። ይሄ ምንም ሳይንቀሳቀስ ለመኖር ብቻ የሚያስፈልገው ነው። ለአዋቂ ውሻ ከ1.6 እስከ 1.8 ይባዛል፣ ስለዚህ ነብሮ በቀን ከ1300 እስከ 1500 ካሎሪ ያስፈልገዋል።

በምግብ ሲመነዘር ደግሞ ግማሽ ኪሎ የበሰለ ሩዝ 650 ካሎሪ ገደማ ነው። 300 ግራም የበሰለ፣ ጮማ ያልበዛበት የበሬ ሥጋ እሱም 650 ገደማ። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል 140። ይህ የአንድ ቀን ነው፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ። በሥጋው ፋንታ ሳንባ ካደረግሽ ካሎሪው ስለሚያንስ መጠኑን ጨምሪ። ደረቁን የፋብሪካ ምግብ ከሆነ አብዛኛው በ100 ግራም 350 ካሎሪ አካባቢ ስለሆነ 400 ግራም ገደማ ማለት ነው፣ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን እዪ። አሁን ከሚበላው ጋር አወዳድሪው። እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው። ላስ ላስ አድርጎ ከሚተወው እንጀራና ከጥበቃው ዳቦ ይህን ያህል አያገኝም። ፕሮቲኑማ በጣም ያንሰዋል።

ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ 40 ካሎሪ ነው፣ ስለዚህ ማታ ማታ አንድ ማንኪያ ጠብ ማድረግ ይጠቅማል። ግን ቶሎ ይወፍር ብላችሁ ቅባት አታብዙበት፣ ያስቀምጠዋል፣ ሲከፋም ፓንክሪያሱ ይቆጣል። ፋሲካ ላይ የሆነውም ሳይሆን አይቀርም፤ ከሽሮ በአንድ ጊዜ ወደ ጮማ በግ ነው የዘለለው። አዲሱን ምግብ ከ7 እስከ 10 ቀን አስለምዱት፣ ሩቡን አዲስ፣ ከዚያ ግማሹን፣ እያላችሁ ጨምሩ። ሽንኩርት ያለበትን ግን ከዛሬ ጀምሮ አቁሙ፣ አሮጌው ማለት ደረቅ እንጀራና ዳቦው ነው።

ሩዝና ሥጋ ብቻውን ለወራት ሲቀጥል ካልሲየም ያንሰዋል። የእንቁላል ቅርፊት አፍልታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደ ዱቄት ፈጭታችሁ በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገደማ ብትጨምሩ ለዚህ መጠን ውሻ ይበቃል፣ ሐኪሙንም አማክሩበት። ቡችላ ያላችሁ ግን ይህን በግምት አታድርጉ፣ እያደገ ላለ ትልቅ ዝርያ ካልሲየም ሲበዛም አጥንቱን ያበላሻል። አቅም ከፈቀደ የቀኑን ግማሽ የፋብሪካ ምግብ፣ ግማሹን የቤት ምግብ ማድረግ ጥሩ ነው።

ምግብ ፍላጎት የሚከፍት የቫይታሚን መርፌ ይወጋልኝ የሚል ብዙ ሰው አለ። ቫይታሚን ጥርስ አያድንም፣ ትልም አያወጣም።

ክብደቱን በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ከምግብ በፊት መዝኚው። ወንድምሽ አቅፎት ሚዛን ላይ ይውጣ፣ ከዚያ ብቻውን ይውጣ፣ ልዩነቱ የነብሮ ነው። ቤት ሚዛን ከሌለ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች ጋ መሄድ ይቻላል። በሳምንት ከ200 እስከ 400 ግራም ከጨመረ በጣም ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ አትቸኩሉ። የት ላይ ትቆማላችሁ? የጎን አጥንቱ ለዓይን ሳይታይ፣ መዳፍሽን ስታሳርፊበት ግን በቀላሉ ሲዳሰስ፣ ከላይ ስታዪው ወገቡ ገባ ሲል።

የሳሪሷ፦

ተመልሻለሁ። በዚህኛው ክሊኒክ በደንብ ነው ያዩት። ትኩሳት አለው። ደሙን በማይክሮስኮፕ አይተው ከመዥገር የመጣ የደም በሽታ ነው አሉ፣ ደም ማነስም አለው። የትል መድኃኒት ወሰደ፣ መዥገሩን የሚገድል ጠብታም ጀርባው ላይ ተደረገለት። በቀኝ በኩል የላይኛው መንጋጋ ጥርሱ ተሰንጥቋል፣ ግን ደሙ ሳይስተካከል ማደንዘዣ አይሰጠውም፣ በኋላ ይነቀላል ብለዋል። እስከዚያ ለስላሳ ምግብ ብቻ።

ሳህኑን ጓሮ ወስደነዋል። ጥበቃችን ዳቦውን ለራሱ ይበላል፣ በምትኩ የማታውን ሳህን የሚያቀርብለት እሱ ሆኗል፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። እማዬ ሳንባውን ከቂንጬ ጋር ደቅቃ ሠራችለት፣ ማታ ከተፈታ በኋላ ለብ አድርገን ሰጠነው፣ ሳህኑን ላሰው። ጠዋት ላይ ግን አሁንም ግማሹን ይተዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ዶክሲሳይክሊን ነው የታዘዘለት፣ ለ28 ቀን። ጠዋት በባዶ ሆዱ በአይብ ጠቅልዬ ሰጠሁት፣ ወዲያው አስመለሰው። ምን ላድርግ?

የቬት_ተማሪ፦

በጣም ደስ ይላል። ድዱ የፈዘዘው ለዚህ ነው።

ዶክሲሳይክሊን በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል፣ ስለዚህ ደህና አድርጎ ከሚበላበት ሰዓት ጋር አድርጊው። ነብሮ የሚበላው ማታ ከሆነ ማታ ይሁን። በቀን ሁለቴ ከታዘዘ ደግሞ ጠዋት ቢያንስ ግማሹን ሳህን ከበላ በኋላ። ደረቁን ክኒን ጉሮሮው ላይ ወርውረሽ አትተዪው፣ ተጣብቆ ሊያቆስለው ይችላል። በትንሽ ሥጋ ጠቅልለሽ ስጪው፣ ወዲያው ሌላ ጉርሻ አስከትዪ፣ ውኃም ይጠጣ።

አይቡ አይሆንም። ወተትና አይብ ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይይዘዋል፣ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። የእንቁላል ቅርፊቱንም ዱቄት ክኒኑ እስኪያልቅ አቆዪው፣ ለአዋቂ ውሻ አንድ ወር ምንም አይለውም። ክኒኑን ከዋጠ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ካስመለሰ ሌላ ከመስጠትሽ በፊት ለሐኪሙ ደውዪለት።

በጥቂት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ወርዶ መብላት ሲጀምር ድኗል ብላችሁ እንዳታቋርጡት። 28ቱም ቀን ይወሰድ፣ ከዚያ ደሙ እንደገና ይታይ፣ የጥርሱም ቀጠሮ ያኔ ይያዝ።